ከዝርዝሩ የቀረው ነዳጅ፦ ማዕቀብና የዓለም ንግድ



ስለ ማዕቀብ ስናወራ ብዙ ጊዜ ወሬያችን ማን ማንን ቀጣ፣ ማን እምቢ አለ፣ ማን ተንበረከከ የሚል ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ዕቃው ላወራችሁ ነው፤ ስለ መርከቡ፣ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ባንክ ሰነዱ። አንድ አገር ማዕቀብ ሲጣልበት ይነግድበት የነበረው ዕቃ ወዴት ይሄዳል? ማን ያነሳዋል? ትርፉ ለማን ይገባል? ኪሳራውስ በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል? ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ብዙ መንግሥታት በአንድ ውል ተሳስረው በአንድ ኃያል መንግሥት ላይ የጣሉት የመጀመሪያው የንግድ ማዕቀብ የተጣለው በእኛ ጉዳይ ነው።

የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። ጄኔቫ የተቀመጠው የመንግሥታት ማኅበር በቀናት ውስጥ ኢጣሊያ ቃል ኪዳኗን አፍርሳለች ብሎ ፈረደ። በቃል ኪዳኑ 16ኛ አንቀጽ መሠረት የሚጣለውን የኢኮኖሚ ቅጣት የሚያቀናጅ ኮሚቴም ተሰየመ። ሃምሳ ያህል አገሮች ተስማሙ፤ ማዕቀቡም ኅዳር 8 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ለኢጣሊያ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ፣ ብድር እንዳይሰጥ፣ ከእሷ ዕቃ እንዳይገዛ፣ በዝርዝር የተጻፉ ጥሬ ዕቃዎችም እንዳይላኩላት ተወሰነ። ማዕቀቡን በመፈጸማቸው የሚጎዱ አባል አገሮች እርስ በርሳቸው እንዲደጋገፉም ተጻፈ። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ኢጣሊያ እንዳይላክ የተከለከለውን ዝርዝር እንየው። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል አሉበት። ጎማ አለበት። ቲን፣ ኒኬል፣ ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ አሉበት። የብረት ማዕድንና ቁርጥራጭ ብረት አሉበት። አሉሚኒየምም አለበት። ለሚያነበው ሰው ከባድ ይመስላል። ይሁን እንጂ አሉሚኒየም ኢጣሊያ ራሷ ከሚበቃት በላይ የምታመርተው ነበር። የብረት ማዕድኑ ሲከለከል ተቀልጦ የተዘጋጀው ብረት ግን እንደ ልብ ይገባ ነበር። ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፈው ታሪክ ይህንኑ አንስቶ ክፉኛ ተችቷል። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ነገር ደግሞ ጦርነቱን ይነዳ የነበረው ራሱ ነው። ነዳጅ አልነበረበትም። ድንጋይ ከሰልም አልነበረበትም።

ለምን ቀረ? የኮሚቴውን ምክንያት በቅንነት እንስማው። ዝርዝሩ የተዘጋጀው ምርቱ በአብዛኛው በማኅበሩ አባላት እጅ ያለ ዕቃን ለመከልከል ነው። ከዓለም ነዳጅ ትልቁን ድርሻ የምታወጣው አሜሪካ ግን አባል አልነበረችም። እኛ ብናቆም አሜሪካኖቹ ይሸጡላታል፤ ስለዚህ ገበያችንን አጥተን ኢጣሊያን ሳንጎዳ እንቀራለን አሉ። ክርክሩ የነጋዴ ክርክር ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ይቀላል። ከጦርነቱ በፊት ኢጣሊያ ከአሜሪካ የምታስመጣው ነዳጅ ከጠቅላላ ፍጆታዋ ትንሹ ክፍል ነበር። ቀዳሚዋ ሻጭ ሩማንያ ነበረች፤ ሶቪየት ኅብረትም ትሸጥላት ነበር። ሁለቱም የማኅበሩ አባላት ነበሩ፤ ሁለቱም ለማዕቀቡ እጃቸውን ያወጡ አገሮች ነበሩ።

አንድ ሰው ግን ተነሥቶ ነበር። የካናዳ መልእክተኛ የነበረው ዋልተር ሪዴል በጥቅምት ወር ነዳጅ፣ ከሰል፣ ብረትና ብረታብረት ይጨመሩ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ኮሚቴውም በመርሕ ደረጃ ተቀበለው። ወር ሳይቆይ የራሱ መንግሥት ሐሳቡ የእኔ አይደለም ብሎ ካደው። ሙሶሊኒ የነዳጅ ማዕቀብ ማለት ጦርነት ማለት ነው የሚል ዛቻውን ወደ ፓሪስና ወደ ለንደን ላከ። የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ስለ ነዳጁ የሚደረገውን ስብሰባ ከቀን ወደ ቀን ገፋ። እሱና የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆር በኅዳር ወር መጨረሻ ከአገራችን ትልቁን ክፍል ለኢጣሊያ የሚቆርስ ስምምነት በድብቅ አዘጋጁ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የነዳጁ ጉዳይ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። በየካቲት የባለሙያዎች ኮሚቴ ጥናቱን አቀረበ። አሜሪካ ሽያጯን ከቀድሞው መጠን እንዳያልፍ ብታደርግ፣ የነዳጅ ማዕቀብ ከሦስት እስከ ሦስት ወር ተኩል ባለ ጊዜ ውስጥ ኢጣሊያን ባዶ ያስቀራታል የሚል ነበር። ጥናቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ጦርነቱ ቀጠለ።

ሦስት ወር ተኩል ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ነዳጁ ከሌሎቹ ጋር በኅዳር ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ ወሩ ሲቆጠር የካቲት ላይ ይደርሳል። ማይጨው የተዋጋነው መጋቢት 22 ነው። ከማይጨው በኋላ የኢጣሊያው የጦር አዛዥ ባዶልዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የዘመተው ከአንድ ሺህ በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ነው። በዚያ ጉዞ የጣሊያንን ጦር የተሸከመው ማዕቀብ የተጣለበት በቅሎ አልነበረም፤ ያልተከለከለው ቤንዚን ነበር። በሰሜን ግንባር መንደርና ወንዝ ላይ የመርዝ ጋዝ ሲረጩ የነበሩት አውሮፕላኖችም የሚበሩት በዚያው ነዳጅ ነው። የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፓውል ሽሚት በማስታወሻው እንደጻፈው፣ ሙሶሊኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1938 ሙኒክ ላይ፣ ማኅበሩ ነዳጅ ጨምሮ ቢሆን በሳምንት ጊዜ ውስጥ ከአቢሲኒያ መውጣት ነበረብኝ ብሎ ለሂትለር ነግሮታል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀው አንድ ዕቃ በአንድ ወረቀት ላይ ስላልተጻፈ ብቻ ነው አልልም፤ ጦርነት እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ወረቀቱን ያዘጋጁት ሰዎች የትኛው ዕቃ እንደሚወስን ያውቁ ነበር።

የስዊዝ ቦይ ነገርም ከዚህ አይለይም። ወታደርና መሣሪያ የጫኑት የኢጣሊያ መርከቦች ወደ ምፅዋ የሚደርሱት በዚያ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ቆስጠንጢኒያ ላይ የተፈረመው ውል ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ ለሁሉም መርከብ ክፍት ይሁን ይላል፤ ስለዚህ አንዘጋም ተባለ። መርከቦቹ የማለፊያ ክፍያቸውን እየከፈሉ አለፉ። ገንዘቡ የገባው ቦዩን ለሚያስተዳድረው ኩባንያ ነው፤ በኩባንያው ውስጥ ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥትና የፈረንሳይ ባለአክሲዮኖች ትልቁን ድርሻ ይዘው ነበር። ማዕቀብ የጣሉት አገሮች ባለአክሲዮኖች ከወረራው ትራፊክ ገቢ ሰበሰቡ ማለት ነው።

ማዕቀቡ ታዲያ ምንም አልሠራም? ሠርቷል። የኢጣሊያ ወደ ውጭ የሚላክ ንግድ ወደቀ፤ የገቢ ንግዷም አነሰ። ለማኅበሩ አገሮች የምትሸጠው ስለተቋረጠ የምትገዛውን ለመክፈል ወርቋን ከግምጃ ቤቷ እያወጣች መሸጥ ነበረባት። ታኅሣሥ 8 ቀን በመላ ኢጣሊያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለመንግሥት እንዲሰጡ ተደረገ፤ ሮም ላይ ንግሥት ኤሌና የራሳቸውን ቀለበት አስቀድመው ሰጡ። ሱፍ ሲወደድ ከወተት ከሚገኝ ኬዚን ላኒታል የሚባል ክር ተሠራ። ወረራው ካበቃ በኋላም ሊሬ በመስከረም 1929 ዓ.ም. ከዋጋው 40 በመቶ ያህል እንዲቀነስ ተገደደ። ጉዳቱ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ጉዳቱ በወራት እየተቆጠረ የሚሠራ ሲሆን ጦርነቱ በሳምንት እየተቆጠረ ገሠገሠ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ስትያዝ የኢጣሊያ ግምጃ ቤት ገና አልተራቆተም ነበር። ሌላም ነገር መጣ። ሙሶሊኒ ማዕቀቡን ለቅስቀሳ ተጠቀመበት፤ ቀለበቷን የሰጠች ሴት ከዚያ በኋላ ጦርነቱን የራሷ ጦርነት አድርጋ ታየዋለች። በየከተማው ማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ ኅዳር 8 ቀንን የከበባ ቀን ብሎ የሚያስታውስ የድንጋይ ጽሑፍ እንዲለጠፍ ታዘዘ።

አሁን ወደ ዕቃው መንገድ ልመለስ። እንግሊዝ ከደቡብ ዌልስ ለኢጣሊያ ብዙ ከሰል ትሸጥ ነበር። ልብ በሉ፣ ከሰል ወደ ኢጣሊያ መላክ አልተከለከለም። ነገር ግን አባላቱ ከኢጣሊያ መግዛት ስላቆሙ ኢጣሊያ ለእንግሊዝ ከሰል የምትከፍለው የውጭ ምንዛሪ አጣች፤ ለመግዛትም ፈቃደኛ አልሆነችም። ገበያው ወደ ጀርመን ዞረ። ጀርመን ማኅበሩን ቀደም ብላ ለቃ ስለነበር ማዕቀቡ አይመለከታትም። ከሰሏን ሸጠች፣ በምትኩ የኢጣሊያን ምርት ወሰደች። የዌልስ ማዕድን ቆፋሪ ያጣውን ገበያ ማዕቀቡ ሲነሣ ሙሉ በሙሉ መልሶ አላገኘውም።

ከዚህ የባሰው የዩጎዝላቪያ ነው። ዩጎዝላቪያ እንጨቷንና የቁም ከብቷን ከሁሉም በላይ የምትሸጠው ለኢጣሊያ ነበር። ማዕቀቡን በታማኝነት ፈጸመች፤ ነጋዴዎቿም ተጎዱ። መጀመሪያ ላይ ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? የሚጎዱ አባላት እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ ተብሎ ተጽፎ ነበር። ድጋፉ ከወረቀት ብዙም አላለፈም። የዩጎዝላቪያን እንጨትና ከብት ያነሣችው ናዚ ጀርመን ሆነች። አንድን ወራሪ ለመቅጣት በተጣለ ማዕቀብ ሌላ ወራሪ ባልካን ውስጥ የንግድ እግሩን ተከለ። ይህን ማንም አላቀደውም፤ የተዘጋ ገበያ ክፍት የሆነውን ፍለጋ ስለሚሄድ ብቻ የሆነ ነው።

ኢትዮጵያ ራሷስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያነሣውን አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ወረራው ከመጀመሩ በፊት፣ ከሐምሌ 1927 ጀምሮ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ብለው ነበር። ለሁለቱም የሚለው ቃል ፍትሕ ይመስላል። ኢጣሊያ ግን መድፏንም አውሮፕላኗንም በራሷ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ጥይት እንኳ የምታገኘው ከውጭ ገዝታ፣ በጅቡቲ ወደብ አስገብታ፣ በምድር ባቡር አሳፍራ ነው። እኩል የተጣለው ክልከላ ያጎሳቆለው አንዱን ብቻ ነው። በኋላ ክልከላው በኢትዮጵያ በኩል ሲነሣ መግዣው ገንዘብ አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ጉባኤ ፊት ከቆሙ በኋላ ኢትዮጵያ የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ዋስትና እንዲሰጣት ለመነች። ጉባኤው አልተቀበለም። ሐምሌ 8 ቀን ማዕቀቡ ተነሣ፤ መመለስ የቻለ ነጋዴ ወደ ድሮ ደንበኛው ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ ላይ ይህን ያህል የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ወዲህ የመጡትን ማዕቀቦች ስመረምር እነዚሁ ጥያቄዎች እየተመላለሱ አያቸዋለሁ። ከዝርዝሩ ምን ቀረ? ከዝርዝሩ ውጭ ማን ቆሞ ይጠብቃል? ጎረቤቱን ማን ይክሰዋል?

ከዝርዝር ስለሚቀር ነገር ካነሣሁ ጎረቤታችን ሱዳንን መጥቀስ አለብኝ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1997 በሱዳን ላይ ሙሉ የንግድ ማዕቀብ ጣለች፤ እስከ 2017 ቆየ። የሚገዛና የሚሸጥ ነገር የለም ተባለ፤ አንድ የሱዳን ምርት ግን ተፈቀደ። እሱም ከኮርዶፋንና ከዳርፉር ግራር የሚለቀመው ሙጫ ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ ከረሜላና መድኃኒት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ያለ እሱ መሥራት ይቸገራሉ፤ ከዓለም ገበያ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የምታቀርበው ሱዳን ናት። የፋብሪካዎቹ ተወካዮች ዋሽንግተን ላይ ተሟገቱ፤ ሙጫው ነፃ ወጣ። የሱዳን ጥጥ፣ የሱዳን ሰሊጥ፣ የሱዳን ከብት የሚሟገትለት ሰው አልነበረውም። ነዳጁንም የቻይና፣ የማሌዥያና የህንድ ኩባንያዎች አወጡት፤ እኛም ለዓመታት ከቤንዚናችን ከፊሉን ከዚያው ስንገዛ ነበር። በ1928ቱ ዝርዝርና በዚህኛው መካከል ስድሳ ዓመት ያህል አለ። የቀጪውን ጥቅም የሚነካ ዕቃ ግን በሁለቱም ጊዜ በር ተከፍቶለታል።

እንግዲያው ማዕቀብ ምንም ሳያስቀር ሙሉ ይሁን? እዚህ ላይ ኢራቅ ትመጣለች፤ እኔም ቆም ብዬ አስባለሁ። ሳዳም ሁሴን ኩዌትን ሲወርር የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1990 በውሳኔ ቁጥር 661 የኢራቅን ንግድ በሙሉ ማለት ይቻላል ዘጋ። አሜሪካም ሶቪየት ኅብረትም ስለተስማሙ በ1928 የነበረው ሽንቁር በአብዛኛው ተደፈነ። የነዳጅ ሽያጩ ቆመ። የቆመው ግን የጦር መኪናው ብቻ አልነበረም። ምግቧን በአብዛኛው ከውጭ ትገዛ የነበረች አገር የውኃ ማጣሪያ መለዋወጫና የመድኃኒት ክምችት አጣች፤ ተራው ሕዝብ በመንግሥት ራሽን ላይ ወደቀ፤ ራሽኑን የሚያድለው ደግሞ ማዕቀቡ ሊያዳክመው የታሰበው መንግሥት ራሱ ነው። ባግዳድ የተመደቡት የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳይ አስተባባሪ ዴኒስ ሃሊዴይ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ተተኪያቸው ሃንስ ፎን ሽፖኔክም በ2000 ይህን አንፈጽምም ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። ኢራቅ ነዳጅ ሸጣ ምግብ እንድትገዛ የሚፈቅደው ነዳጅ በምግብ የሚለው ፕሮግራም ሲጀመርም ገንዘቡ ሾለከ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው በፖል ቮልከር የተመራው ምርመራ ከ2 ሺህ 200 በላይ ኩባንያዎች ከተለያዩ አገሮች በድብቅ ክፍያው እንደተነካኩና ለኢራቅ መንግሥት 1.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደገባ ገለጠ።

እኔ የማዕቀብ ተቃዋሚ አይደለሁም። ኢትዮጵያዊ ሆኜ እንዴት ልሆን እችላለሁ? አያቶቻችን ጄኔቫ ድረስ ሄደው የለመኑት ጠንካራ ማዕቀብን ነው። ነገር ግን የኢጣሊያና የኢራቅ ታሪክ ጎን ለጎን ሲነበብ የሚያሳየኝ ነገር አለ። በ1928 ዓ.ም. ጦሩን የሚያንቀሳቅሰው ዕቃ ተፈቅዶ ሌላው ተከለከለ። በኢራቅ ሁሉም ተከለከለና ሕፃኑም ከወታደሩ ጋር ተቀጣ። ወታደሩን ይዞ ሕፃኑን የሚለቅ ዝርዝር ማዘጋጀት ከባድ ሥራ ነው፤ ዲፕሎማት ብቻውን አይሠራውም። መርከብ የሚያውቅ፣ መጋዘን የሚያውቅ፣ አገሩ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚያነድ ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

በእኛ ዘመን ደግሞ ማዕቀብ ከወደብ ወደ ባንክ ተዛውሯል። ነጋዴዎቻችን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ዛሬ ዕቃውን መከልከል የግድ አይደለም፤ ክፍያው እንዳያልፍ ማድረግ ይበቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ሙምባይ የሚሄድ ገንዘብ እንኳ በዶላር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኒው ዮርክ ባለ ባንክ ውስጥ ያልፋል፤ እዚያ ሲያልፍ የአሜሪካ ሕግ ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ቢኤንፒ ፓሪባ የተባለው ትልቁ የፈረንሳይ ባንክ ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ ገንዘብ በማሳለፉ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ለአሜሪካ ለመክፈል ተስማማ። ባንኩ የፈረንሳይ፣ ደንበኛው የሱዳን፣ ቅጣቱ የአሜሪካ። ከዚያ በኋላ የባንክ ኃላፊዎች የሚሠሩትን ሥራ አስቡት። ከአንድ ትንሽ አገር ኤልሲ፣ ማለትም ከባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ፣ የሚያገኙት ኮሚሽን ጥቂት ሺህ ዶላር ነው፤ ቢሳሳቱ የሚከተለው ቅጣት በቢሊዮን ይቆጠራል። ስለዚህ ሕጉ ያልከለከለውንም ይተዉታል። ኢራን ላይ ማዕቀብ ሲጠናከር መድኃኒት በሕግ ነፃ ነበር፤ የመድኃኒቱን ገንዘብ የሚያስተላልፍ ባንክ ማግኘት ግን ከባድ ሆነ። በሽተኛው ሕጉን ሊያነብ አይችልም፤ መድኃኒት ቤቱ ባዶ መሆኑን ብቻ ያያል።

በዚህ ዓይነቱ ማዕቀብም ዕቃው መንገድ መለወጡን አልተወም። ዱባይ ዴይራ የሄደ ነጋዴ የኢራን ጭነት በጀልባ ሲወጣና ሲገባ አይቷል። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የአውሮፓ ኅብረት በባሕር የሚመጣ ድፍድፍ ነዳጇን መግዛት ከዲሴምበር 5 ቀን 2022 ጀምሮ ከለከለ። በዚያው ቀን ሌላው ዓለም እንዲገዛ ግን ለአንድ በርሜል ከ60 ዶላር በላይ እንዳይከፍል የሚል የዋጋ ጣሪያ ተጣለ፤ ማስፈጸሚያው የመርከብ መድን ነበር፣ የዓለም መርከቦች መድን በአብዛኛው በአውሮፓ እጅ ስለሆነ። ሩሲያ ያረጁ መርከቦችን ሰብስባ በሌላ መድን ማጓጓዝ ጀመረች። ከጦርነቱ በፊት ከሩሲያ ድፍድፍ ነዳጅ እምብዛም የማትገዛው ህንድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከምታስገባው ሲሶ የሚሆነውን ከእሷ መግዛት ጀመረች፤ አጣርታም ናፍጣውን ለአውሮፓ ሸጠች። ከአውሮፓ ወደ ኪርጊዝስታንና ወደ አርሜኒያ የሚላከው ዕቃ ድንገት አሻቀበ፤ የእነዚህ አገሮች ሕዝብ በአንድ ክረምት አልበዛም። ሩሲያ አልተጎዳችም ማለቴ አይደለም። ነዳጇን በቅናሽ ሸጠች፤ በውጭ አገር ያስቀመጠችው 300 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሀብቷም ታገደ። ነገር ግን የዋጋው ልዩነት በመንገድ ላይ ለደላላው፣ ለባለመርከቡና ለማጣሪያው ቀረ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ማዳበሪያ ከማዕቀቡ ነፃ ነው ተብሎ ነበር። ሆኖም ባንኩ ፈራ፣ ባለመርከቡ ፈራ፣ መድን ሰጪው ፈራ፤ ማዳበሪያ የሚሠራበት ጋዝ ተወደደ፤ የማዳበሪያው ዋጋ ሰማይ ወጣ። እዚህ አገር ዳፕና ዩሪያ ይጠብቅ የነበረው ገበሬ ያንን ዘመን አይረሳውም። ጎጃም ውስጥ ጤፍ የሚዘራ ሰው ከዩክሬን ጦርነት ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

ከራሳችን ቤት ያለውንም ልጨምር። አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ወቅት የሰብዓዊ መብት ጥሰት ተፈጽሟል በሚል ምክንያት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ዕድል፣ አስወጣች። በሕግ ቋንቋ ይህ ማዕቀብ አይባልም፤ የተሰጠ ዕድል መልሶ መውሰድ ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ለምትሰፋ ወጣት ግን ልዩነቱ አይታይም። ከቀረጥ ነፃ ይገባ የነበረው ልብስ አንዳንዱ፣ በተለይ የሰው ሠራሽ ክሩ፣ እስከ 32 በመቶ ቀረጥ ጠበቀው፤ በዚህ ዋጋ ከባንግላዴሽና ከቬትናም ጋር መወዳደር አይቻልም ነበር። ትእዛዝ ቀነሰ፣ የለቀቀ ኩባንያ አለ፣ ሥራ ያጡ ልጆች አሉ። ጦርነቱን ያልጀመሩ፣ ማቆምም የማይችሉ ልጆች ናቸው። በጦርነቱ ውስጥ የተጎዳውን ሰው በደል ማንም ሊያቃልለው አይገባም፤ እኔም አላቃልለውም። የምለው ቅጣቱ ያረፈበት ቦታ ትክክል አልነበረም ነው።

ታዲያ ጎረቤቱን፣ መሐል የቆመውን፣ ያለ ጥፋቱ የሚከስረውን ማን ይክሰዋል? ከዩጎዝላቪያ ወዲህ ጥያቄው መልስ አላገኘም ማለት ይቻላል። በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ውስጥ 50ኛው አንቀጽ አለ። የጸጥታው ምክር ቤት ያዘዘውን እርምጃ በመፈጸሙ ልዩ የኢኮኖሚ ችግር የገጠመው አገር ምክር ቤቱን የማማከር መብት አለው ይላል። በኢራቅ ማዕቀብ ጊዜ ዮርዳኖስን ጨምሮ 21 አገሮች በዚህ አንቀጽ አመለከቱ። ማማከር ግን ካሳ አይደለም፤ አብዛኞቹ ያገኙት አዘኔታ ነው። የዛሬዎቹ ትልልቅ ማዕቀቦች ደግሞ በአብዛኛው ከምክር ቤቱ የሚወጡ አይደሉም፤ አንድ አገር ወይም ጥቂት አገሮች በራሳቸው ሕግ የሚጥሏቸው ናቸው። ለእነዚህ 50ኛው አንቀጽ እንኳ አይሠራም። የሚያመለክቱበት በር የለም።

ይህን በር ማስከፈት የሚችሉት እንደ እኛ ያሉ አገሮች ናቸው። አፍሪካ ኅብረት እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ የአህጉራዊው ነፃ የንግድ ቀጣና ጽሕፈት ቤትም አክራ ላይ ተከፍቷል። ማዕቀብ የሚጥሉ መንግሥታት ነፃ ነው ያሉትን ማዳበሪያ፣ ምግብና መድኃኒት በእርግጥ የሚያስተላልፍ ባንክ በስም ጠቅሰው ዋስትና እንዲሰጡት መጠየቅ እንችላለን። ከእርምጃው በፊት የሦስተኛ አገሮች ጉዳት ተሰልቶ እንዲቀርብም መጠየቅ እንችላለን። በባዶ እጅ ግን አይጠየቅም። የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1928 ጄኔቫ ላይ ሲከራከሩ በእጃቸው የነበረው የሕግ አንቀጽ ነው፤ የነዳጁን በርሜል የቆጠረው የሌሎች ኮሚቴ ነበር፤ ያም ቆጠራ ዘግይቶ መጣ። ይህ እንዳይደገም ቆጠራው በእኛ በኩል መያዝ አለበት።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል የገቢና የወጪ ንግድ የምትሠሩ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ኤልሲያችሁ ያለ በቂ ምክንያት ከተመለሰ፣ መሐል ሆኖ ገንዘቡን የሚያስተላልፈው ኮረስፖንደንት ባንክ ከማዕቀብ ዝርዝር ጋር የማይገናኝ ክፍያ ከያዘባችሁ፣ መድን ሰጪው ነፃ ለሆነ ጭነት ዋጋ ከጨመረባችሁ ደብዳቤውን አትጣሉት። ቀኑን፣ የዕቃውን ዓይነት፣ የዘገየበትን ጊዜና የከሰራችሁትን ገንዘብ ጽፋችሁ ለንግድ ምክር ቤታችሁ አስገቡ። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻችሁን ወደዚያ መዝገብ ላኩልኝ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ጊዜ አለን።